ማጣበቂያውና ዓለቱ



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ቃሉን ሰምቶ የሚያደርገውን ሰው ቤቱን በዓለት ላይ ከሠራ ልባም ሰው ጋር እንዳመሳሰለው ከቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል (7፥24-27) እናውቃለን። ቤት ግን ሕይወት የሌለው ነገር ነው፤ መሠረቱ ከተጣለና ግድግዳው ከቆመ በኋላ በራሱ አያድግም። ሰው ግን ሕያው ፍጥረት ነው። ስለዚህ «ሕያው የሆነ ነገር ከዓለት ጋር አንድ የሚሆነው እንዴት ነው?» ብለን ብንጠይቅ ተገቢ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ የሚረዳንን ምሳሌ ከባሕር ፍጥረታት መካከል በኮራል ላይ እናገኛለን።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም የደረቀ ቅርንጫፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ፖሊፕ የሚባሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንስሳት በአንድነት የሚኖሩበት ሕያው ማኅበር ነው። እነዚህ እንስሳት በባሕር ውሃ ውስጥ የሟሟውን ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ አጽም ይሠራሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን አልጌዎች ያድራሉ፤ አልጌዎቹም በብርሃን የሚያዘጋጁትን ምግብ ለአሳዳሪዎቻቸው ያካፍላሉ። ከኮራል የተቈረጠ ትንሽ ቅንጣቢ ተስማሚ ስፍራ ካገኘ ቍስሉ ድኖ እንደ እናቱ ሙሉ ኮራል ሊሆን ይችላል።

በዚህም ምክንያት በልዩ ልዩ አገሮች በመስታወት ገንዳ፣ ማለትም በአኳሪየም፣ የጨው ውሃ አዘጋጅተው ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ቅንጣቢውን እንደ ችግኝ ይለዋወጡታል። ውሃው እንደ ውቅያኖስ በአንድ ኪሎ ግራም ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ጨው ይይዛል፤ ሙቀቱም በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጠበቃል። በገንዳው ውስጥ የሚደረደረውን ዓለት «ሕያው ዓለት» ብለው ይጠሩታል። ይህም ዓለቱ ራሱ የሚተነፍስ ሆኖ ሳይሆን፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ውሃውን ከመርዝ ስለሚያጠሩት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታን ሕያው ድንጋይ፣ እኛንም በእርሱ የምንታነጽ ሕያዋን ድንጋዮች ብሎ እንደ ጠራን (1ኛ ጴጥ. 2፥4-5) ስናስታውስ ይህ ስያሜ ልባችንን ሳይነካ አያልፍም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በዓለቱ ላይ ቅንጣቢው የሚያርፍበት ስፍራ ከአልጌና ከዝቃጭ በብሩሽ ይጸዳል። ቅንጣቢው ለጥቂት ጊዜ ከውሃ ወጥቶ ግርጌው በጨርቅ ይደርቃል፤ ከዚያም ወፍራም ሱፐር ግሉ ይቀባል። ይህ ማጣበቂያ እርጥበት ሲያገኝ የሚጠነክር ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ ይስማማል። ዓለቱ ሸካራና ጐድጓዳ ከሆነ በእጅ የሚለወስ ኢፖክሲ ይጨመርበታል። ቅንጣቢው በዓለቱ ላይ ተጭኖ ለጥቂት ሰከንዶች ይያዛል፤ ውሃውን የሚያናውጠው ፓምፕም ማጣበቂያው እስኪይዝ ድረስ ይቆማል።

ጀማሪ የሆነ ሰው በዚህ ጊዜ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ልምድ ያለው ግን ገና መጀመሩን ያውቃል። ማጣበቂያው ቅንጣቢውን ይይዘዋል እንጂ ሕይወት አይሰጠውም። በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት ኮራሉ ራሱ ከግርጌው ወደ ውጭ ሥጋውን እየዘረጋና ማጣበቂያውን እየሸፈነ በዓለቱ ላይ አዲስ አጽም ይሠራል። ያን ጊዜ ማጣበቂያው ከውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ቀንድ አውጣ ሲያልፍበት ወይም ዓሣ ሲገፋው ሊወድቅ ይችላል።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ በምሥጢረ ጥምቀትና በምሥጢረ ሜሮን የሚሰጠው ጸጋ የእግዚአብሔር ሥራ ነውና ከማጣበቂያ ጋር አይነጻጸርም፤ በማጣበቂያ የምንመስለው የእኛን ድካም ነው። ንኡሳነ ክርስቲያንን ስታስተምሩ፣ ጸሎት ስታስጠኑ፣ እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስታመጡአቸው ታላቅ አገልግሎት ትፈጽማላችሁ፤ ያለዚህ ቅንጣቢው በመጀመሪያው ማዕበል ይወሰዳል። ሆኖም ማጣበቂያው ዓለት አይደለም፤ ዓለቱ ክርስቶስ ነው። ተማሪው የወደደው መምህሩን ብቻ ከሆነ መምህሩ ወደ ሌላ ቁምስና በተዛወረ ጊዜ ተማሪውም አብሮ ይቀራል። በትንሣኤ ዋዜማ ነጭ ልብስ ለብሰው የተጠመቁት በዓመቱ የት እንዳሉ በየቁምስናችን ብንጠይቅ፣ የጥምቀት መዝገቡና የእሑድ ቅዳሴው ወንበር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡንም።

እንግዲህ ከዚህ ምሳሌ ሦስት ምክር እንውሰድ።

አንደኛ፣ ስፍራውን ማጽዳት ነው። ባልጸዳ ዓለት ላይ የተቀባ ማጣበቂያ የሚይዘው አልጌውን እንጂ ዓለቱን አይደለም። ያልታረቀ ጠብና ያልተተወ ክፉ ልማድ እያለ ለበዓሉ ለመድረስ ብቻ የሚደረግ ጥድፊያ ፍሬው እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜ መስጠት ነው። ከቦታ ወደ ቦታ ዘወትር የሚዘዋወር ኮራል ለማደግ የሚያስፈልገውን ኀይል ለመላመድ ይጨርሰዋል። ገና ሥጋውን ያልዘረጋውን አዲስ ክርስቲያን ዛሬ ለመዘምራን፣ ነገ ለኮሚቴ፣ ከነገ ወዲያ ለሌላ ሥራ ብንጐትተው አንጠቅመውም። አበው ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ማለታቸው በከንቱ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ውሃውን መጠበቅ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በጋ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት የባሕሩ ሙቀት ከልክ በላይ ሲጨምር፣ ባለሙያዎች በብዙ ድካም ከዓለት ጋር ያጣበቁአቸው ብዙ ኮራሎች ነጥተው ሞቱ። በሺህ የሚቈጠሩ ሌሎችም ከባሕር ውስጥ የችግኝ ጣቢያዎች ተነሥተው በየብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች ተወሰዱ። እነዚያ ኮራሎች የሞቱት ማጣበቂያው ለቅቆአቸው አልነበረም፤ ዓለቱም አልከዳቸውም፤ የከዳቸው ውሃው ነበር። ለአዲስ ክርስቲያን ውሃው ቤተሰቡና ቁምስናው ነው። ሐሜትና መለያየት በሞሉበት ማኅበር ውስጥ ጥሩ ትምህርት ብቻውን ሰውን በሕይወት አያኖርም።

የወደቀ ቅንጣቢ ሁሉ ግን የሞተ አይደለም። በዚያው በፍሎሪዳ በሞውት የባሕር ምርምር ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዴቪድ ቮን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ አንድ ኮራል ሲያነሡ ተሰብሮ ጥቂት ፖሊፖች በገንዳው ወለል ላይ ቀሩ። ይሞታሉ ተብለው የተተዉት ፖሊፖች ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዝተው ተገኙ። ከዚህም በመነሣት ኮራልን እጅግ በትንንሹ ቈርጦ በሞተ የኮራል ዓለት ላይ አራርቆ የማጣበቅ ዘዴ ተስፋፋ። የአንዲት እናት ቅንጣቢዎች እያደጉ ሲገናኙ አይጣሉም፤ ተዋሕደው አንድ አካል ይሆናሉ፤ የሞተውንም ዓለት እንደገና ሕይወት ያለብሱታል።

እኛም የአንዲት እናት የቅድስት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነን። እንግዲህ በዚህ ሩብ ዓመት በየቁምስናው የጥምቀት መዝገቡ ይከፈት፤ ስማቸው ተጽፎ ፊታቸው ከጠፋው ወንድሞችና እኅቶች ቤት እንሂድ። የምንሄደውም ለወቀሳ ሳይሆን፣ በመካከላችን ስፍራቸው እንዳለ ልንነግራቸው ይሁን። የእኛ ድካም እንደ ማጣበቂያው ከውስጥ ተቀብሮ ቢቀር አንዘን፤ የተቀበረው ኮራሉ ስላደገ ነውና።

ሕያው ዓለት የሆነው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የተጠመቁትን ሁሉ በራሱ ያጽናልን፤ የተለዩትን ይመልስልን። አሜን።