መልካም ዓመት ለማን?



ዘመን በተለወጠ ቁጥር በሁላችን አፍ የሚመላለስ አንድ ሰላምታ አለ። እርሱም «እንኳን አደረሳችሁ፤ መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ» የሚለው ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንባባለዋለን፤ በአውቶቡስ ተራ መንገደኛ ለመንገደኛ ይለዋል፤ በመርካቶም ሻጭ ለገዢ ይለዋል። ቃሉ መልካም ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ይሁን እንጂ ቆም ብሎ ለሚያስብ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። ለመሆኑ መልካም ዓመት ስንል ለማን መልካም ማለታችን ነው?

ይህ ጥያቄ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ቢኖር በጳጉሜን ቀኖች መርካቶን ይመልከት። ቅቤው፣ ዶሮው፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ የልጆች ልብሱ ሁሉ ይፈለጋል። ለምትገዛው እናት መልካም በዓል ማለት ዋጋው የወረደበት ነው። ለባለ ሱቁ ደግሞ ዋጋው የወጣበት ነው። ለኩሊው ሸክም የበዛበት፣ ለደላላው ገዢና ሻጭ ቶሎ የተስማሙበት ነው። ሁሉም ይጸልያሉ፤ ጸሎታቸው ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። የአንዱ መልካም ዓመት የሌላው ክፉ ዓመት ከሆነ እግዚአብሔር የማንን ይስማ?

መርካቶ የቆመው ገና ከመነሻው ሰውን በመለየት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው አሮጌ ገበያ ለአውሮፓውያን ተብሎ፣ ኢትዮጵያውያን ወደ ምዕራብ ሄደው እንዲገበያዩ ተደረገ። ስሙም ከዚያ ቀረ። ዛሬ ግን በዚያ ስፍራ የማይገኝ የኢትዮጵያ ልጅ የለም። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ በቅርብ ርቀት ቆመው፣ ጸሎቱና አዛኑ ከገበያው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። እኛም የመካነ ኢየሱስ ልጆች የምንኖረው፣ የምንማረውና የምንሠራው በዚሁ ሕዝብ መካከል ነው። እንግዲህ የአዲሱ ዓመት ተስፋችን ከዚህ ሕዝብ ተለይቶ ሊታሰብ አይችልም።

አስቀድመን ምኞትንና ተስፋን እንለይ። ምኞት ዋጋ አይጠይቅም። ተኝቶም መመኘት ይቻላል። ተስፋ ግን አንድ ነገር ያስወጣል። በመርካቶ አንድ ነጋዴ ክፍለ ሀገር ላለ ደንበኛው ያለ ደረሰኝ፣ በቃል ብቻ፣ ዕቃ ጭኖ በዱቤ ይልካል። ይህ ሰው «ገንዘቤ ቢመለስ ደስ ይለኛል» ብሎ እየተመኘ አይደለም። ሰውየውን ስላመነ ንብረቱን አውጥቷል። ተስፋ ማለት እንደዚህ ነው፤ ያመንነውን ተማምነን አንድ ነገር ከእጃችን ስናወጣ ነው ተስፋ አደረግን የሚባለው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 4 መጨረሻ ላይ የተናገረው የመርካቶን ሰው አይቶ የጻፈው ይመስላል። ወደ አንድ ከተማ ሄደን፣ ዓመት ተቀምጠን፣ ነግደን እናተርፋለን የሚሉትን ሰዎች ይገሥጻል፤ ሕይወታቸው እንደ እንፋሎት መሆኑን ያሳስባቸዋል። ብዙዎቻችን ይህን ክፍል እናውቀዋለን፤ ስለዚህም «ጌታ ቢፈቅድ» ማለትን ለምደናል። ነገር ግን የክፍሉን የመጨረሻ ቁጥር እንዘነጋዋለን። በዚያ ቁጥር ሐዋርያው በጎ ማድረግን እያወቀ ለማያደርግ ሰው ያ ኃጢአት እንደሚሆንበት ያስተምራል። ነገሩን «ጌታ ቢፈቅድ» በሚለው ቃል አልዘጋውም። ዓመቱን ለእግዚአብሔር የሰጠ ሰው በዚያ ዓመት ውስጥ የሚያውቀውን በጎ ነገር ለመሥራት ተገዷል ማለት ነው።

አሁን አንድ ወጣት በአእምሯችን እንሳል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ በመርካቶ በአንድ ሱቅ ተቀጥሯል እንበል። ማታ ይማራል፤ ከሚያገኘው ደመወዝ ለእናቱ ይልካል፤ እሑድ ከመዘምራን ጋር ይቆማል። በዓሉ ሲቃረብ ባለ ሱቁ «ዘይት የሚጠይቅ ቢመጣ የለም በል» ብሎ ያዘዋል። ዘይቱ ግን በጓዳ በካርቶን ተደርድሯል፤ ከሳምንት በኋላ ዋጋው ይጨምራልና ነው። አንዲት እናት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ገንዘቧን በመሀረብ ቋጥራ መጥታ ትጠይቀዋለች። ይህ ወጣት ምን ይበል?

«የለም» ቢል ይዋሻል፤ የዚያችንም እናት በዓል ከሚቀሙት ጋር ይተባበራል። «አለ» ቢል ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ የእርሱ ሥራ ማጣት ደግሞ የሌላይቱ እናት፣ የገዛ እናቱ፣ ረሃብ ነው። ከመድረክ ላይ ሆኖ «አትዋሽ» ማለት ቀላል ነው፤ ከባንኮኒው ኋላ ለቆመው ግን ቀላል አይደለም።

የዚህን ነገር ክብደት አባቶቻችንም ያውቁት ነበር። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 የወቀሳቸው ነጋዴዎች በዓሉን የሚጠብቁት ሊያመልኩበት ሳይሆን መቼ አልፎ እህላችንን በሸጥን እያሉ ነበር፤ መስፈሪያውንም ያሳንሱ ነበር። በምሳሌ 11 ደግሞ እህል የሚሸሽገውን ሕዝብ እንደሚረግመው፣ የሚሸጠው ግን በረከት እንደሚያገኝ ተነግሯል። ማርቲን ሉተርም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1524 ስለ ንግድና ስለ አራጣ በጻፈው መጽሐፍ፣ ነጋዴዎች «ዕቃዬን በቻልሁት ዋጋ ሁሉ ልሸጥ እችላለሁ» የሚሉትን ሕግ አጥብቆ ነቅፏል። በእርሱ አስተሳሰብ የባልንጀራ ችግር ለዋጋ መጨመሪያ ሊሆን አይገባም። በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም ደግሞ «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ ሲያብራራ፣ የሰውን ንብረት አለመውሰድ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ባልንጀራችን ያለውን እንዲጠብቅና ኑሮው እንዲሻሻል መርዳትም የትእዛዙ ክፍል እንደ ሆነ አስተምሯል።

ለነጋዴውም ፍትሕ መስጠት ይገባናል። ነጋዴ ሁሉ ሌባ አይደለም። የሱቅ ኪራይ አለበት፤ ግብር አለበት፤ ልጆች አሉት። ዛሬ በረከሰ ዋጋ የሸጠውን ነገ በተወደደ ዋጋ መልሶ መግዛት ሊያቅተውና ሱቁ ባዶ ሊቀር ይችላል። ሉተርም ቢሆን ነጋዴው ለወጪው፣ ለድካሙና ለሥጋቱ የሚመጥን ትርፍ እንዲያገኝ ፈቅዷል። ስለዚህ ማትረፍ ኃጢአት ነው አንልም። ድንበሩ ያለው በሌላ ስፍራ ነው። በድካም ማትረፍና በሌላው ጭንቀት ማትረፍ ይለያያሉ። ዕቃውን ደብቆ «የለም» የሚል ሰው የሚሸጠው ዘይቱን ብቻ አይደለም፤ የእናቲቱን ጭንቀትም ጨምሮ ይሸጠዋል።

እንግዲህ ወጣቱ እውነቱን ሊናገር ይገባዋል ወደሚለው ሐሳብ ደርሰናል። ነገር ግን እዚህ ላይ ብናቆም ግማሹን ብቻ ተናግረናል። እውነቱን ተናግሮ ሥራውን ቢያጣ፣ ሰኞ ማለዳ ማን ይጠይቀዋል? እሑድ «አይዞህ፣ ጌታ ያያል» ብለን ሸኝተነው ሰኞ ብቻውን ከተውነው፣ ከእርሱ የጠየቅነውን ዋጋ እኛ አልከፈልንም ማለት ነው። በሌላ ሰው እንጀራ ጻድቃን ሆነናል። በእኔ አስተያየት የማኅበረ ምእመናን ተስፋ የሚፈተነው በዚህ ነው።

መርካቶ ራሷ በዚህ ነገር ልታስተምረን ትችላለች። ዕድርና ዕቁብ የሚባሉ ነገሮች አሉን። በዕድር ሰው በሞት ቀን ብቻውን አይቀርም፤ በዕቁብ ደግሞ ብቻውን ሊያጠራቅም የማይችለውን ገንዘብ ከብዙዎች ጋር ሆኖ ያገኛል። ዕቁብ የሚጥል ሰው ዛሬ ዕጣው ለባልንጀራው ቢወጣ አያዝንም፤ ተራው እንደሚደርስ ያውቃልና። ሃይማኖታቸውና ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች ለገንዘብ ይህን ያህል ከተማመኑ፣ አንድ ጥምቀት የተጠመቅን እኛ ለእውነት እንዴት አንተማመንም?

ጌታችን ያስተማረን ጸሎትም የሚያሳየን ይህንኑ ነው። እንጀራን የምንለምነው «እንጀራዬን» ብለን ሳይሆን «እንጀራችንን» ብለን ነው። ሉተር ይህን ልመና ሲያብራራ በእንጀራ ውስጥ ምግብና ልብስን ብቻ አላስገባም፤ መልካም አስተዳደርን፣ ሰላምን፣ ታማኝ ወዳጆችንና ጎረቤቶችንም ጨምሮ ቆጥሯል። ባለ ሱቁና ገዢዋ እናት እያንዳንዳቸው «እንጀራዬን» ቢሉ ጸሎታቸው ይጋጫል። «እንጀራችንን» ካሉ ግን ባለ ሱቁ የእርሷን፣ እርሷም የእርሱን እንጀራ ትለምናለች። ቀድሞ የጠየቅነው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ሕልም ነው፤ በአንድ ወጣት እውነት የገበያው ዋጋ አይወርድም የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ላይወርድ ይችላል። ነገር ግን ተስፋ የሚመዘነው ወዲያው በሚገኘው ውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ባልኖረችም ነበር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በጥር ወር 1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ስትመሠረት አባላቷ 20,000 ገደማ ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማልማት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ፣ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ሊከፈል እንደማይችል አስታወቀች። የዚያን ጊዜው ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። አብዮቱ ከመጣ በኋላ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋውን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በኡራኤል ማኅበረ ምእመናን ካገለገሉ በኋላ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም 10 ዓመት ገደማ ታሰሩ።

ከዚያች ሌሊት እስከ መስከረም 1 ቀን 1972 ዓ.ም. ድረስ የነበረው አንድ ወር ተኩል ገደማ ብቻ ነበር። በዚያ እንቍጣጣሽ ምእመናን «መልካም አዲስ ዓመት» ሲባባሉ ምን ማለታቸው ይሆን? የሚታይ መልካም ነገር ጥቂት ነበር። እነርሱ ግን መሰብሰብን አልተዉም፤ አንዱ የሌላውን ልጅ አበላ፣ አንዱ ለሌላው ስንቅ አደረሰ። ዛሬ አባላቷ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ይህን የምናገረው ቁጥር ለመመካት አይደለም። ብዙ ሆኖ ባልንጀራን መርሳት፣ ጥቂት ሆኖ ከመሰደድ የባሰ ፈተና ሊሆን ይችላልና ነው።

ተስፋችን ከቤተ ክርስቲያን አጥርም ውጭ መውጣት አለበት። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ እንደ ልማዱ ሰው ሁሉ መልካም ዓመት ተመኛኘ። ልክ በ40ኛው ቀን፣ ጥቅምት 11፣ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ሰዎችን ሱቅና ንብረት አወደመ። እሳቱ ይህ ክርስቲያን ነው፣ ይህ እስላም ነው ብሎ አልመረጠም። እንግዲህ መልካም ዓመት ያልነው ሰው ሱቁ ሲቃጠል፣ ያ ሰላምታ ከእኛ አንድ ነገር ይፈልጋል። ሄደን ካልጠየቅነው ሰላምታችን ያለ ስንቅ የወጣ ዱቤ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ወጣቶች ልናደርገው የምንችለውን ጥቂት ነገር ላቅርብ። አንደኛ፣ ስለ እውነት ሲል እንጀራውን ላጣ አባል የሚሆን ትንሽ ሣጥን እናቁም፤ አንድ ብርም ቢሆን በየእሑዱ እንጣል። ሰንፎ የተባረረ ሁሉ በእውነት ስም እንዳይመጣ እንደ ዕድር ዳኛ ሽማግሌዎች ይመርምሩት። ሁለተኛ፣ ነጋዴ የሆኑ አባቶችና እናቶች እንዲህ ያለውን ወጣት ለመቅጠር እንዲያስቡበት በአክብሮት እንጠይቃቸው። ከበዓል በፊትም ዕቃ ላለመደበቅ እርስ በርሳቸው ቃል ይግቡ። ሦስተኛ፣ ሰላምታ ስንሰጥ ለአንድ ሰው ቆም ብለን «ዘንድሮ ምን ያስጨንቅሃል?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም እንስማ።

ሣጥኑ ሁሉን አይሞላም፤ ዋጋውም በእኛ ብቻ አይወርድም። ሆኖም ከባንኮኒው ኋላ ያለው ወጣት «አለ፣ እናቴ» ለማለት አፉን ሲከፍት ከኋላው የቆሙ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉት ካወቀ፣ ተስፋችን ከምኞት አልፏል።

የዘመናት ጌታ እግዚአብሔር ዓመቱን የእኔ ብቻ ሳይሆን የእኛ መልካም ዓመት ያድርግልን። አሜን።