ነገም የሚነሣ ድንጋይ

ይፋት ውስጥ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚንደረደርበት ተዳፋት ላይ፣ ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው መሬት ወረሱ። ሽማግሌዎች ገመድ ጥለው፣ ዕጣ አውጥተው እኩል አካፈሏቸው። የተካፈሉት መሬት ግን አስቸጋሪ ነበር። ማሽላው ገና ጉልበት ሳያወጣ የሐምሌ ጎርፍ ከነሥሩ ይነቅለዋል። ክረምት በወጣ ቁጥር ለሙ አፈር ወንዝ ገብቶ ይገኛል፤ በጋ ሲሆን ቋጥኙ አግጦ ይወጣል። አባትየው ዕድሜ ልኩን “ይህ መሬት ካብ ይፈልጋል” ሲል ኖሮ፣ ካቡን ሳይጀምረው ሞተ።

ታላቅየው ጉልበታምና ሰው የሚሰማው ነበር። “አባታችን ያልሠራውን እኔ በአንድ ቀን አሠራዋለሁ” አለ። ሐሳቡም መጥፎ አልነበረም። ምርት ሲገባ ጠላ ይጠመቃል፣ ፍየል ይታረዳል፣ ደቦ ይጠራል፤ አርባ ሰው በአንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር ይክበዋል። የመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ አጠረና ለጠላ የታሰበው እህል ለልጆች ጉሮሮ ሆነ። “ለከርሞ ይደርሳል” አለ። ለከርሞ በሬው ሞተበትና ገንዘቡ በሬ ተገዛበት። “ለከርሞ” አለ እንደገና። በእነዚያ ሁለት ክረምቶች ጎርፉ ማንንም ሳይጠብቅ አፈሩን ይወስድ ነበር።

ታናሽየው ደቦ የሚያበላበት እህል አልነበረውም። አንድ ማለዳ የአባቱ ወዳጅ ወደነበሩት ሽማግሌ ሄደ።

“አባባ፣ ምን ይሻለኛል? መሬቱ ካብ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አቅም የለኝም።”

“ከብቶችህን የት ነው የምታጠጣ?” አሉት።

“ወንዝ ወርጄ ነዋ።”

“በየቀኑ?”

“ውኃማ በየቀኑ ነው እንጂ!”

“ወንዙ ዳር ምን አለ?”

“ድንጋይ።”

“ስትመለስ በእጅህ ምን ትይዛለህ?”

“ዱላ።”

“እንግዲያው ዱላውን ባንደኛው እጅህ ያዘው፣ ልጄ።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ታናሽየው ማታ ማታ ከብቶቹን አጠጥቶ ሲመለስ አንድ ድንጋይ ይዞ ይመጣ ጀመር። ሁለት አያነሣም። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በእርሻው ታችኛው ጠርዝ ስለሚያልፍ የተለየ ጉዞ አልነበረበትም። እዚያ ሲደርስ ቆም ብሎ ድንጋዩን በእጁ ያገላብጠዋል፤ ሰፊውን ፊት ወደ ታች፣ ከባዱን ጫፍ ወደ ተራራው ያደርጋል። ካስቀመጠው በኋላ በእግሩ ነቅነቅ ያደርገዋል። ከተወላወለ ከኋላው ጠጠር ይወሽቅለታል። ይኼው ነው፤ ከብቶቹ ራቅ ሳይሉ ይደርስባቸዋል።

ወሩ ሲያልቅ ካቡ ዶሮ የምትዘለው ነበር። የመንደሩ ልጆች “ድንጋይ ለቃሚው” አሉት። ሚስቱም አንድ ቀን ከሩቅ ስታየው ቆይታ፣ “ይህ ነገር በልጅ ልጆቻችን ዘመን ይደርስ ይሆን?” አለችው። እሱም መልስ አልነበረውም። ከብቶቹ መጠጣታቸው ስለማይቀር ግን በማግስቱም ወረደ፤ ወርዶም ባዶ እጁን አልተመለሰም።

በሁለተኛው ዓመት ወባ ያዘውና ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ። ከብቶቹን የጎረቤት ልጅ ነበር የሚያጠጣለት። ትኩሳቱ ለቆት እግሩን ባነሣ ማግስት፣ ሽማግሌው በእርሻው ዳር ሲያልፉ ወገቡን ይዞ፣ ላብ አጥምቆት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቆልል አገኙት።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ሃያ አንድ ቀን አመለጠኝ፣ አባባ። ሃያ አንድ ድንጋይ አለብኝ።”

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ለጥቂት ጊዜ አዩት። “ለማን ነው ያለብህ?” አሉት።

ታናሽየው ዝም አለ።

“አበዳሪ የሌለበት ዕዳ አትክፈል። ዛሬ ሃያ አንዱን ብታመጣ ነገ ወገብህ ይዝልና አንዷንም አታመጣም፤ ያኔ ዕዳው እንደ አዲስ ይጀምራል። የታመምክበት ቀን አለፈ። የዛሬዋን አስቀምጥና ግባ።”

በሦስተኛው ዓመት ታላቅየው ተሳካለት። እህሉ ሞላ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ ደቦው ተጠራ። በዘፈንና በሆታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ካቡ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ቆመ። እውነትም የሚያምር ካብ ነበር። አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያየ አደነቀ፤ ታላቅየውም ደስ ብሎት እንግዶቹን አብልቶ አጠጥቶ ሸኘ።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። በዚያ ሌሊት የታላቅየው ካብ አንድ ቦታ ላይ ተሸነቆረ። የታናሽየው ካብ ደግሞ ሦስት ቦታ ተሸነቆረ። ታናሽየው በማግስቱ ከወንዝ ሲመለስ የመጀመሪያውን ሽንቁር አየና የያዘውን ድንጋይ ከዚያ ላይ ደፈነ። በማግስቱ ሁለተኛውን፣ በሦስተኛው ቀን ሦስተኛውን። በዚያውም ውኃው በየት በኩል እንደሚሾልክ አስተዋለና ለጎርፉ መውጫ ትንሽ ቦይ ተወለት። ታላቅየው ካቡን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በድግሱ ቀን ነበር። ነሐሴ ላይ ለአረም ሲወርድ ክንድ የማታስገባው ሽንቁር በሬ የሚያሳልፍ በር ሆና፣ የካቡ እኩሌታ ወንዝ ገብቶ ጠበቀው።

መስከረም ሲጠባ ታላቅየው ወደ ወንድሙ እርሻ መጣ። ካቡን በእጁ እየዳሰሰ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ከካቡ በላይ የተኛው አፈር ጥቁርና ወፍራም ነበር፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል።

“ስንት ዓመት ፈጀብህ?”

“እኔንጃ ጋሼ፤ እኔ እንኳ አልጨረስኩትም።”

በዚያን ቀን ማታ ሁለቱም ከብቶቻቸውን ይዘው ወረዱ። ታላቅየው ወንዙ ዳር ካለው ሁሉ ትልቁን ድንጋይ መርጦ በሁለት እጁ አቅፎ አነሣ። ታናሽየው ጠጋ ብሎ ከእጁ ተቀበለውና ወደ መሬት መለሰው። አጎንብሶም በአንድ እጅ የሚያዝ ሌላ ድንጋይ ሰጠው።

“ይህቺን ያዛት፣ ጋሼ። ነገም የምታነሣትን ነው ማንሣት።”

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። በእኛ ኑሮ ውስጥ የታላቅየውን መንገድ የማያውቅ የለም። ጳጉሜን ሲመጣ ስንቱ ነው “ዕንቁጣጣሽ ይምጣ እንጂ በቀን አንድ ሰዓት እሮጣለሁ፣ በወር አራት መጽሐፍ አነባለሁ” ብሎ ለራሱ ቃል የሚገባው። ቃሉ ከልብ ነው። ችግሩ ቃሉ የተገባው ሰውነታችን ባረፈበት፣ ልባችን በሞቀበት ቀን ለሚኖረው ጉልበት መሆኑ ነው። ጥቅምት ላይ ከሥራ ደክሞ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ ለሚገባው ሰው ያ ቃል አልተሰፋለትም። ለእሱ ልክ የሚሆነው በዚያ ድካሙም ላይ እንቢ የማይለው ነገር ነው፤ አንድ ገጽ፣ አሥር ደቂቃ እርምጃ፣ ለእናት አንድ ስልክ።

ሽማግሌው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ድንጋዩ አልነበረም፤ ከብቶቹን የት እንደሚያጠጣ ነው። የምክራቸው ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አዲስ ልማድ ብቻውን ሲቆም በየቀኑ አስታዋሽ ይፈልጋል፤ ቀድሞውንም ከማይቀር ነገር ጋር ሲታሰር ግን የማይቀረው ነገር ራሱ ይጎትተዋል። ይህን በጥናት የተመለከቱ አሉ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ የምግብ፣ የመጠጥ ወይም የእንቅስቃሴ ልማድ መርጠው፣ “ከቁርስ በኋላ” እንደሚባለው በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር አያይዘው፣ ለ12 ሳምንት እንዲሞክሩት ተደርጓል። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠሩት እስኪሆን የፈጀው በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ነው። የአንዱ ሰው ከሌላው እጅግ ይራራቃል፤ ከ18 ቀን አንሥቶ፣ ከሙከራው ጊዜ አልፎ በስሌት እስከተገመተው 254 ቀን ድረስ። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይበልጥ የነካኝ ሌላ ግኝታቸው ነው፦ አንድ ቀን ያመለጠው ሰው፣ በማግስቱ ከቀጠለ፣ ከመንገዱ ይህ ነው የሚባል ወደኋላ አልተመለሰም።

ብዙ ሰው “ልማድ በ21 ቀን ይያዛል” ሲባል ሰምቷል። አባባሉን ሰዎች የሚያያይዙት አሜሪካዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ማክስዌል ማልትዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ካሳተመው መጽሐፍ ጋር ነው። እሱ የጻፈው በሽተኞቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚወስድባቸው ማስተዋሉን ነበር፤ “ቢያንስ” የምትለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ስታልፍ ወደቀችና ቁጥሩ ብቻውን ቀረ። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በ22ኛው ቀን ጠዋት አሁንም መነሣት የከበደው ሰው ጉድለቱ የራሱ ይመስለዋልና ይተወዋል። ገና እኩሌታው መንገድ ላይ እንኳ አልደረሰም ይሆናል።

ትንሽ ልማድ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው ማለት ግን አልችልም። ደቦን ማቃለልም ተገቢ አይደለም። የደረሰ አዝመራ ዝናብ ሳይመጣበት በአንድ ቀን መታጨድ አለበት፤ ቤት የፈረሰበት ሰው በቀን አንድ እንጨት ሲሰበሰብለት ውጭ አያድርም። የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን ሰውም “በቀን አንድ ገጽ አንብብ” ብሎ መምከር ጭካኔ ነው። በትንሽ በትንሹ መያዝ ያለበት በየቀኑ እየተሸረሸረ ያለው ነገር ነው፤ ጤና፣ እውቀት፣ ዝምድና፣ ቋንቋ። የኮንሶን እርከኖች ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እነዚያ እርከኖች ከ400 ዓመት በላይ፣ በ21 ትውልድ እጅ የመጡ ናቸው። ድንጋዩን ከድንጋዩ የሚያያይዝ ሲሚንቶም ጭቃም የለም፤ የሚያቆማቸው የሚጠግን እጅ ነው።

ዋሽንግተን ዙሪያ ወይም ስቶክሆልም ልጆች የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህ መሸርሸር ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል። “በክረምት እረፍቱ ፊደሉን እንጨርሰዋለን” ይባልና እረፍቱ በጉዞና በሥራ ያልቃል። ፊደላችን 33 ረድፍ ነው፤ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ሆኖ 231 ሆሄ። እራት ከተበላ በኋላ፣ ሳህን ሲነሣ፣ አንድ ረድፍ ብቻ ቢነበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ “ሀ፣ ሁ፣ ሂ” እያለ እናትየው ሳህኑን እየሰበሰበች ከኋላ ታግዘዋለች። አባት የሌሊት ተረኛ በሆነበት ቀን አንዲት ሆሄ ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ ትሁን። ልጁ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ታቅፎ የሚገባበት ማታም ይመጣል። ያ ማታ ያልፋል። በማግስቱ እራት ላይ ተራው የ“መ” ከነበረ የሚነበበው “መ” ብቻ ነው፤ “ሠ” ለተነገወዲያ ይቆያል።