ዲናችን ስለ ጉርምስና ለመናገር አያፍርም

 

በአንድ ረመዷን፣ ከቅዳሜው የቁርኣን ትምህርት በኋላ፣ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቃ ወደኔ መጣች። የወር አበባዋ ከመጣ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ለእናቷ መንገር አፍራ፣ እንዳይታወቅባት ስትጾምም ስትሰግድም ሰንብታለች። «ወንጀል ሠራሁ ወይ?» አለችኝ።

ሳታውቅ ያደረገችው ነውና አይዞሽ አልኳት። ሐይድ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፣ አትጾምም፤ ያለፋትን ጾም በኋላ ቀዷእ ታወጣለች፣ ሶላቱን ግን አታወጣም። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ለሐጅ በመንገድ ላይ ሳሉ ሐይዷ መጥቶ አልቅሳ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጧትም። አላህ በአደም ሴት ልጆች ላይ የወሰነው ነገር መሆኑን ነግረው፣ ከጠዋፍ በቀር ሑጃጁ የሚሠራውን ሁሉ እንድትሠራ አዘዟት።

ወንዶችስ? ድምፃችሁ ይጎረንናል፣ ብጉር ይወጣል፣ ጠረናችሁ ይለወጣል። አንድ ቀን ጠዋት ልብሳችሁ ረጥቦ ትነቃላችሁ። ይህ ኢሕቲላም ነው፤ ወንጀል የለበትም፣ ግን ከሶላት በፊት ጉስል ግዴታ ይሆናል። ይህን የሚነግረው አጥቶ ለወራት ያለ ጉስል የሰገደ ልጅ አውቃለሁ። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የኛ የወላጆች ዝምታ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ሰውነቱ ሥዕል እያሳየ ያስተምረዋል፤ ስለ ጉስል ግን ከኛ በቀር ማን ይነግረዋል?

ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ይህንኑ የሕልም ጉዳይ ስለ ሴቶች ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ለፊት ጠይቃለች። ፈሳሹን ካየች መታጠብ አለባት የሚል መልስም አግኝታለች። ዓኢሻ የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው፣ ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው።

ከጓደኞቼ ዘገየሁ ብላችሁም አትጨነቁ። በሴቶች ለውጡ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ይጀምራል። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በ14 ዓመቱ ለዑሁድ ቀርቦ አልተፈቀደለትም፤ በ15 ዓመቱ ለኸንደቅ ተፈቀደለት። ብዙዎቹ ዑለማዎች፣ ሌላ ምልክት ያልታየበት ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው ባሊግ ነው ያሉት ከዚህ በመነሳት ነው። የሚቆጠረው በጨረቃ ስለሆነ፣ በፓስፖርታችሁ ገና 14 ዓመት ተኩል ገደማ ናችሁ።

ያቺ ልጅ በዚያው ማታ ለእናቷ ነገረቻት። ቀዷዋን ቀኑ ሲያጥር፣ በታኅሣሥ፣ ከእናቷ ጋር አብረው ጾሙት።