በሕመምተኛ ላይ መማር ይገባልን?

ከየጥኖራ የመጣ አንድ የንስሐ ልጄ ታሞ ወደ አንድ ታላቅ ሆስፒታል ተወስዶ ነበር። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ ነጭ ልብስ የለበሱ አምስት ስድስት ወጣቶች አልጋውን ከበው፥ አንዱ ሆዱን ሲዳስስ ሌላው ሲጽፍ አገኘኋቸው። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «አባቴ፥ እነዚህ ልጆች ገና ተማሪዎች ናቸው አሉኝ። ታዲያ እኔ መማሪያ ሆንሁን? ባለጠጋ ብሆን ኖሮ እንዲህ ይደረግብኝ ነበርን?» አለኝ። በዚያች ሰዓት ከማጽናናት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የሰው ሰውነት ተጽፎበት እንደሚፋቅ ብራና አይደለም፤ ማንም ሰው ለሌላው እውቀት መሣሪያ ብቻ ሊሆን አይገባውም። ይሁንና ሳይማር ሐኪም የሆነ የለም፤ ሕክምናም ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ዛሬ ጀማሪው ሕመምተኛ እንዳይነካ ብንከለክል፥ ነገ የሚፈውስ አዋቂ እናጣለን። እንግዲህ እውነተኛው መንገድ ወዴት ነው?

አስቀድመን ሐኪሙ የሚመጣበትን መንገድ እንመልከት። ከኢትዮጵያውያን አስቀድመው ዘመናዊ ሕክምናን የተማሩት አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፥ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዞች ወደ ሕንድ ተወስደው በላሆር ሕክምናን ተማሩ፤ ዘመዶቻቸውን ያገኙትም ከብዙ ዓመት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከእርሳቸው በኋላ ከተነሡትም አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በስኮትላንድ በኤዲንብራ ተምረው ተመለሱ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ልዩ ሙያ ለመማር ግን አሁንም ባሕር መሻገር ያስፈልግ ነበር። በ1970ዎቹ ይህም ትምህርት በአገር ውስጥ ተጀመረ።

ይህ ታላቅ በረከት ነው። ዳሩ ግን ዕዳም አስከትሏል። ቀድሞ ኢትዮጵያዊው ሐኪም የሚማረው በላሆርና በኤዲንብራ ሕመምተኞች ነበር፤ ዛሬ ግን በጎጃም ገበሬና በሸዋ እናት ይማራል። ስለዚህ የእውቀቱ ባለዕዳነት ለገዛ ወገኑ ሆነ።

የዛሬው ወጣት ስድስት ሰባት ዓመት ተምሮ ጠቅላላ ሐኪም ይባላል፤ በሞጣ ወይም በቢቸና እንዳሉት ባሉ ሆስፒታሎች ካገለገለ በኋላም ተፈትኖ ሬዚደንት ይሆናል፤ እንደ ሙያው ዓይነት ሦስት፥ አራት፥ ከዚያም በላይ ዓመት ይማራል። ሬዚደንት ማለት ነዋሪ ማለት ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲከፈት፥ ዊልያም ኦስለርና ዊልያም ሃልስቴድ የተባሉ ሊቃውንት ይህን ሥርዓት አጸኑት፤ ተማሪው ሐኪም እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ እያደረ ከመምህሩ እግር ሥር ይማር ነበርና።

በቢቸናና በሞጣ ምድር ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ በጉባኤ ቤቱ አጠገብ በጎጆ እየኖረ፥ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የቆጠረውን ቅኔ ለአስነጋሪው፥ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ የተሳሳተው ይታረማል። ጀማሪው ሬዚደንትም እንዲሁ ለበላዩ ሬዚደንት፥ እርሱም ለመምህሩ ይነግራል፤ በሌሊት ተራ የተደረገውም በማለዳ በጉባኤ ይመረመራል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ቅኔ ቢበላሽ ተማሪው ያፍራል፤ ሕክምና ቢበላሽ ግን ሰው ይሞታል።

ደግሞም የቅኔ ተማሪው የሚኖረው አኮፋዳውን አንግቶ በለመነው ቁራሽ ነው። ገበሬው ከጉድለቱ ቆርሶ ይሰጠዋል፤ ይህንም ማንም ዘረፋ አይለውም፤ በፈቃድ የተሰጠ ነውና። ተማሪው ግን ከተማረ በኋላ ያጎረሰውን ገበሬ ቢንቅ፥ ያን ጊዜ የበላው ሁሉ ዕዳ ይሆንበታል። ሕመምተኛውም ለሐኪሙ የሚሰጠው ከእንጀራ የከበደ ቁራሽ ነው፤ ሕመሙን፥ ዕርቃኑንና ትዕግሥቱን ይሰጠዋል። እንግዲህ በሕመምተኛ ላይ መማር የሚገባው በሚከተለው ሥርዓት ሲሆን ነው።

አንደኛ፥ እውነት ይነገር። ጀማሪው ማን እንደ ሆነ ይናገር፥ ያስፈቅድም፤ እምቢ ያለውም ሕክምናው አይጓደልበት። ሁለተኛ፥ መምህር አይጥፋ። ጀማሪውን ከአቅሙ በላይ በሆነ ሥራ ብቻውን የሚተው መምህር፥ ከጀማሪው ይልቅ በደሉን ይሸከማል። ሦስተኛ፥ ሸክሙ በድኻ ብቻ አይውደቅ። ባለጠጋው ድኻው ባስተማረው ሐኪም እየታከመ፥ እርሱ ግን አላስተምርም ቢል ፍርድ ጎደለ። አራተኛ፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ሐኪሙ «አላውቅም» ማለትን ይልመድ። አለማወቅ ኃጢአት አይደለም፤ በሰው ሕይወት ላይ አለማወቅን መሰወር ግን ኃጢአት ነው።

ምናልባት፥ «ሕመምተኛው ብዙ፥ ሐኪሙ ጥቂት፥ ሌሊቱም ረጅም ነው፤ ለማስፈቀድ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። በእውነት ድካሙ ብርቱ ነው፤ ሬዚደንቱም እንቅልፍ የሚያስፈልገው ሰው ስለ ሆነ፥ ሹማምንቱ ዕረፍቱን ሊያስቡለት ይገባል። ነገር ግን ስምን ተናግሮ፥ «ይፈቅዱልኛል?» ለማለት ከአንድ ትንፋሽ የሚበልጥ ጊዜ አያስፈልግም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪም እንዲከበር ያዛል፤ የሚከበረው ሐኪምም ሕመምተኛውን ሊያከብር ይገባዋል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ያን የንስሐ ልጄን ዳግመኛ ጠየቅሁት። ፊቱ በርቶ ነበር። «አባቴ፥ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ብቻውን ተመልሶ መጣ፤ ስሙን ነገረኝ፥ ገና ተማሪ መሆኑንም አልሸሸገኝም። ላይህ ትፈቅድልኛለህን አለኝ። አንድ ነገር ቢጠራጠር መምህሩን ጠርቶ አሳየ። እኔም በቤቴ ደጃፍ ለሚቆም ተማሪ ቁራሽ እንደምሰጥ ቆጥሬ ፈቀድሁለት» አለኝ።

እኔ ያጣሁትን መልስ ሕመምተኛው ራሱ አገኘው። ያም ወጣት ስፔሻሊስት ተብሎ በተሾመ ቀን፥ ማን እንዳጎረሰው ያስታውስ።