ሰው ያጣው መፃጉዕና በመጠጥ የታሰረው ወንድማችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈው ያ በሽተኛ 38 ዓመት በደዌ ኖሯል። መጠመቂያው ከአጠገቡ ነበረ፤ ውኃውም መናወጡን አላቋረጠም። ጌታ መዳን ይወድ እንደሆነ ሲጠይቀው ያመለከተው የውኃውን ነገር ሳይሆን ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። እኛም ዛሬ የምንጽፈው ሰው ስላጣ በሽተኛ ነው፤ ይኸውም በመጠጥ ስለታሰረው ወንድማችን።

በአምደወርቅም ሆነ በሌላው የዋግ አገር ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ተዝካር፣ ክርስትና፣ ደቦ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚታሰበው የጠላው ጋን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ወይንን በራሱ አልረገመም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት እንዲወስድ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ጠላ ሸጠው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችንም በዚህ ጽሑፍ ልንወቅስ አንሻም፤ ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። የምንናገረው ማለዳ አረቄ ካልቀመሰ እጁ ስለሚንቀጠቀጥበት፣ የዘር እህሉን ሳይቀር ሸጦ ስለሚጠጣው ሰው ነው። እርሱን ሰካራም ብለን እንስቅበታለን። ሊተው የቆረጠ ዕለት ደግሞ «ዛሬን ብቻ!» ብለን ዋንጫ እናስጨብጠዋለን።

እንዲህ ያለው ሰው መዳን ሲሻ ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፣ ይገዘታል፣ ጸበል ይገባል። መልካም አደረገ። ጭንቁ የሚመጣው ሱባዔውን ጨርሶ ሲመለስ ነው። የሚመለሰው ወደዚያው ጎረቤት፣ ወደዚያው የወር ጽዋ ነው። አልጠጣም ቢል ባለተራውን እንደናቀ ይቆጠርበታል። በወር በሁለት ወር ሲወድቅ «ግዝቱን አፈረሰ» ይባላል እንጂ ብቻውን እንደነበረ የሚያስታውስለት የለም።

በባሕር ማዶ የሆነ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. ቢል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ፣ መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት የሆነው፣ ኦሃዮ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ በአንድ ሆቴል ብቻውን ነበረ። ንግዱ ከስሮበት፣ የመጠጥ ቤቱ ድምፅ እየጠራው ሳለ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ስልክ መደወል ጀመረ። የፈለገው መድኃኒት አልነበረም፤ እንደ እርሱ በመጠጥ የተያዘ፣ የሚያነጋግረው ሌላ ሰው ነበር። ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከተባለ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ብቻ ሊቀመጥ መጥቶ እስከ ሌሊት አወሩ። ያ ሐኪም መጠጥ ለመጨረሻ ጊዜ ቀመሰ የሚባልበት ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ዛሬ በ180 አገሮች ገደማ ይሰበሰባሉ። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥን ለመተው መፈለግ ብቻ ነው፤ የአባልነት ክፍያ የለም፤ የአባት ስም አይጠራም፤ በዚያ የተሰማ ነገር ወደ ውጭ አይወጣም። ለዘላለም እተዋለሁ ብሎ መማልም የለም። የሚያዘው የዛሬው ቀን ብቻ ነው። እኛ ለማስጠጣት የምንናገረውን «ዛሬን ብቻ» እነርሱ ለመተው አዋሉት።

እንግዲህ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነውን? በወር አንድ ቀን የሚሰበሰብ፣ ሙሴ ያለው፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ የቀረውን ለምን ቀረ የሚል የጽዋ ማኅበር ከአባቶቻችን ወርሰናል። የጎደለው ጋኑ የማይቀርብበት ማኅበር ነው። ሦስት ሰዎች ቢገኙ ይበቃሉ። ለእንዲህ ያለው በሽተኛ ወር ሩቅ ነውና በየሳምንቱ ይሰብሰቡ፤ ቡናና ቆሎ ይበቃቸዋል። አንደኛው ከመጠጥ የራቀ ቢሆን ይመረጣል፤ ያልታመመ ሰው ምክሩ ቶሎ ስብከት ይሆንበታልና (እኛ ወጣቶች በዚህ እንታማለን)። ቦታው አላፊ አግዳሚ የማያይበት ይሁን። የሚነጋገሩት ንስሐን አይተካም፤ ኃጢአቱን ለካህን፣ የሳምንቱን ፈተና ለጓደኞቹ ይናገር። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ቁጥር 16 ላይ እርስ በርሳችን እንድንናዘዝና አንዱ ለሌላው እንዲጸልይ ያዘዘንን እናስብ። ሌሎቻችንም በየማኅበራችን ለእርሱ ዕለቱን የተበጠበጠ፣ ያልፈላ የማር ብርዝ ብናቀርብለት፣ ማር ለዋግ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ጽዋውም አይጎድልበትም።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እናሳስባለን። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር አይቶ የሚቃዥም አለ። ይህ ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። አይተን ጋኔን ነው ብለን ብቻ እንዳንተወው። ከማቋረጡ በፊት ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ከባሰም ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይወሰድ። ጸበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ናቸው። የሚጠጣ ውኃ የሚያቀብለው፣ ሌሊቱን አብሮት የሚያድር፣ በቅሎ የሚጭንለት ወይም መኪና የሚለምንለት ሰው ግን ያስፈልገዋል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ፈዋሾች አልነበሩም፤ ሥራቸው ማድረስ ነበር፣ ሕዝቡ መንገድ ቢዘጋባቸውም ጣራ አፈረሱ።

የሚስቱንም ነገር አንርሳ። በዚያ ማኅበር ዘንድ ለቤተ ሰዎች የሚሆን አል-አኖን የሚባል ሌላ ማኅበር በ1951 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። በእኛ አገር እርስዋ የምታለቅሰው በጓዳዋ ነው። እኅቶቻችን ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሆነው ቤቷ ሄደው ቢቀመጡ፣ ስለ እርሱ ሳይሆን ስለ ራሷ ቢጠይቋት፣ ይህም ከዚሁ ሥራ ይቆጠራል። እርሱም ወድቆ ሲመለስ ወንበሩ በቦታው ይቆየው፤ ስንት ቀን ጠጣህ ሳይሆን ከማን ጋር መጣህ ብለን እንቀበለው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።