ስለ ቋንቋ አንድነትና ስለ ልብ አንድነት

ሰዎች ሁሉ አንድ ቋንቋ ቢናገሩ ጠብ ከምድር ይጠፋ ይሆን? ይህን ነገር በአውሮፓ በሥራ የሞከሩት ሰዎች ነበሩና፥ የድካማቸውን ፍሬ ብንመረምር ለነፍሳችን ትምህርት እናገኝበታለን።

ዮሐን ማርቲን ሽላየር የተባለ ጀርመናዊ የካቶሊክ ቄስ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. ቮላፑክ ስለ ተባለው አዲስ ቋንቋ መጽሐፍ አወጣ። አብዛኛውን ቃል ከእንግሊዝኛና ከጀርመንኛ ወስዶ ቈራርጦ ለወጠው። በጥቂት ዓመታት ብዙ ተከታዮች አገኘ። ነገር ግን እነርሱ ቋንቋው ይሻሻል ባሉ ጊዜ፥ እርሱ የመጨረሻው ፍርድ የእኔ ነው በማለቱ ተለያዩ። ዓለምን ያቀራርባል የተባለው ቋንቋ የገዛ ወዳጆቹን ማስታረቅ ተሳነው።

በ1887 ዓ.ም. ደግሞ ሉድቪክ ዛመንሆፍ የተባለ አይሁዳዊ የዓይን ሐኪም ኤስፔራንቶን በዋርሶ አሳተመ። የተወለደባት ቢያሊስቶክ ሩሲያውያን፥ ፖላንዳውያን፥ ጀርመናውያንና አይሁድ በየቋንቋቸው ተለያይተው የሚናናቁባት ከተማ ስለ ነበረች፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያዝን ነበር። ቃላቱን ከላቲን ከተወለዱት፥ ከጀርመናውያንና ከስላቮች ቋንቋዎች ሰብስቦ በ16 ሕግጋት አጸናቸው። በዚህ ቋንቋ ስም ሁሉ በ«ኦ»፥ ቅጽልም በ«አ» ይጨርሳል፤ «ቦና» መልካም ማለት ሲሆን፥ «ማልቦና» ክፉ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን፥ ቋንቋው የሁሉ ገንዘብ ይሁን ብሎ የደራሲነት መብቱን መተዉ ነው።

ሆኖም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሦስቱም ልጆቹ በናዚዎች እጅ ተገደሉ። የጀርመን አገር አይሁድም ከገዳዮቻቸው ጋር አንድ ጀርመንኛ ይናገሩ ነበር። ቃየንንና አቤልን የለያቸው ቋንቋ አልነበረም። የሰናዖርን ግንብ የሠሩት ሰዎች አንድ ቋንቋ ሳላቸው በትዕቢት ወደቁ፤ በበዓለ ጰንጠቆስጤ ግን መንፈስ ቅዱስ ቋንቋዎችን ሳያጠፋ፥ ለእያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው አሰማው።

ስለዚህ የዛመንሆፍ ድካም ከንቱ ነው አንልም። ቋንቋ በር ነውና በሩን መክፈት መልካም ነው፤ በበሩ የሚገባው ፍቅር ወይም ጠብ ግን ከልብ ይወጣል። እኛም በአንድ ቋንቋ እየተነጋገርን፥ በአንድ ቅዳሴ እየቆምን፥ ከወንድማችን ጋር ተኳርፈን የምንኖር ከሆነ፥ ከሽላየር ይልቅ የዛመንሆፍን ፈለግ እንከተል፤ የእኔ ነው የምንለውን እንተው። «ይቅር በለኝ» ለማለት አዲስ ቋንቋ አያስፈልገንም፤ ቃሉን ሁላችን እናውቀዋለን።