ከማዕዱ የጎደለው ማን ነው?

«ወደ ሐዋርያት ዘመን እንመለስ» የሚለውን ቃል ያልሰማ የወጣቶች ኅብረት ያለ አይመስለኝም። በጸሎት ፕሮግራም እንለዋለን፤ በኮንፈረንስ እንዘምረዋለን። እኔም ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ ዘመን የትኛውን ነገር ይዘን ልንመለስ እንደምንፈልግ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እንድጠይቅ ያደረገኝ አንድ የነሐሴ ሳምንት ነው።

ወረታን የሚያውቅ ነሐሴዋን ያውቃል። ከተማችን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ትገኛለች። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ እስከ ጣና የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ነው። ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል። ሩዝ ውኃ ይወዳል፤ አረሙም እንዲሁ። በነሐሴ ገበሬው ከነቤተሰቡ፣ የቀን ሠራተኛውም ጭምር፣ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይውላል።

በዚያ ሳምንት እኛ ወጣቶች የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2ን እያጠናን ጾም ጸሎት ይዘን ነበር። ለአዲስ ሞንታርቦም መዋጮ እንሰበስብ ነበር፤ መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ሦስት ረቡዕ ከጸሎት ቀርተው ነበር። በስማቸው ትይዩ «ቀዝቅዘዋል፤ ይጸለይላቸው» ብዬ ጻፍኩ። ጸለይንላቸውም።

ከመካከላችን አንዱ ሊጠይቃቸው ሄደ። ማሳቸው ውስጥ ብቻቸውን ሲያርሙ አገኛቸው። ለምን ሰው እንዳልጠሩ ሲጠይቃቸው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ወንፈል እንዳልገባ በተራዬ የምልከው ሰው የለኝ። ደቦ እንዳልጠራ ጠላ አልጠምቅ። እናንተን ደግሞ ጾም ጸሎት ላይ ናችሁና ልረብሻችሁ አልፈለግሁም።»

ይህን አነጋገር ከተማ ያደገ ወጣት ላያስተውለው ይችላል። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ ትሠራለህ፣ ነገ እኔ ላንተ እሠራለሁ። ደቦ ግብዣ ነው፤ ሠራተኛውን የጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል። ሁለቱም የአገራችን መልካም ወጎች ናቸው፤ ብዙ ቤት አቁመዋል። ሆኖም የምትመልሰው ጉልበትም የምትደግሰው ድግስም የሌላት ሴት በሁለቱ መካከል ትወድቃለች። ጌታን ስትቀበል ጠላ መጥመቅ የተወች እናት ደግሞ በእምነቷ ምክንያት አንድ በር ተዘግቶባታል። ያንን በር የሚተካ በር መክፈት የማን ሥራ ነበር? የእኛ ነበር። እኛ ግን ስማቸውን መዝገብ ላይ ጻፍን።

በማግስቱ ማታ «ነገ ወጥተን እናርምላቸው» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ አንድ ወንድም በቅንነት ተቃወመ። «ሐዋርያት ቃሉን ትተው ማዕድ ማገልገል እንደማይገባቸው ተናግረዋል፤ እኛም ጸሎቱን ልናቋርጥ አይገባም» አለ። መልስ አጣን። መጽሐፉን ከፍተን ምዕራፍ 6ን እንደገና አነበብነው።

ያነበብነው ታሪክ የምናውቀው ቢሆንም የዚያን ማታ አዲስ ሆነብን። የምናደንቃት የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ማጉረምረም የነበረባት ቤተ ክርስቲያን ናት። የዕለቱ ምግብ ሲታደል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይዘነጉ ነበር። መንፈስ ቅዱስ በወረደበት፣ ሦስት ሺህ ሰው በአንድ ቀን ባመነበት ጉባኤ መበለት ተረስታለች! ሐዋርያት ግን ያጉረመረሙትን «ቀዝቅዘዋል» አላሏቸውም። ጉባኤውን ጠርተው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። መስፈርቱም መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው መሆን ነው፤ እንጀራ ለማደል! የተመረጡት ሰባቱም ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። አደራው ቅሬታ ከተነሣበት ወገን ለሆኑ ሰዎች የተሰጠ ይመስላል። ሐዋርያት ጸሎትን የመረጡት ማዕዱ የሚያገለግለው ካገኘ በኋላ ነው። እኛ ግን ሰባቱን ሳንመርጥ የአሥራ ሁለቱን መልስ ወስደን ነበር። ጸሐፊው ሉቃስም የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ እንደ ሄደ የሚነግረን ከዚህ ምርጫ ቀጥሎ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ምሳሌ የምትሆነን ጉድለት ስላልነበረባት አይደለም። በቆሮንቶስ ጊዜና ሀብት ያላቸው ቀድመው ይበሉ ነበር፤ ድሃው ተርቦ ያይ ነበር። ጳውሎስ ይህን የጌታ እራት ብሎ ሊጠራው አልፈቀደም። በወረታም የቀን ሠራተኛው ጭቃውን ታጥቦ ኅብረት ሲደርስ ዝማሬው አልቆ የምናገኝበት ቀን ስንት ነው? በሁለተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሮም የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ክርስቲያኖች በእሑድ ጉባኤያቸው ያዋጡት ገንዘብ ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል ጽፏል። ከአምልኮው ቀጥሎ የሚጠራው የተቸገረ ሰው ነበር።

«ታዲያ ንብረታችንን ሁሉ አንድ ላይ እናድርግ?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ ለፎገራ ሰው ሩቅ አይደለም። ከደብረ ታቦር መንገድ ገባ ብሎ፣ በዚሁ በፎገራ ወረዳ፣ በ1964 ዓ.ም. ገደማ በዙምራ ኑሩ መሪነት የተጀመረው የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። አባላቱ በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፤ ግን የአምልኮ ቤት የላቸውም። በኅብረት ይሠራሉ፤ ወንዱም ሴቷም ያርሳሉ፣ ይሸምናሉ፣ ይጋግራሉ። ለአረጋውያን መጦሪያ ቤት አላቸው። በደርግ ዘመን ተሰደው እስከ ቦንጋ ሄደው ተመልሰዋል። በእምነት አንስማማም። ሆኖም አረጋዊ እንዳይረሳ ሥርዓት የሠሩ ጎረቤቶች እያሉን እኛ በመዝሙር ብቻ «የሐዋርያት ልጆች ነን» ብንል ማን ያምነናል? ማካፈል ብቻውን ቤተ ክርስቲያን አያደርግም፤ የማታካፍል ቤተ ክርስቲያን ግን የምታመልከውን ጌታ ታሳማለች።

ሆኖም ሐዋርያት ንብረትን በሕግ አልወሰዱም። ጴጥሮስ ለሐናንያ መሬቱም የመሬቱ ዋጋም በራሱ ሥልጣን ሥር እንደ ነበሩ ነግሮታል። ጥፋቱ ማስቀረቱ አልነበረም፤ ያስቀረውን እንደ ሰጠ አድርጎ መዋሸቱ ነው። የአንጾኪያ አማኞችም በረሃቡ ጊዜ ለይሁዳ ወንድሞች እንደ አቅማቸው አዋጥተው ላኩ እንጂ የኢየሩሳሌምን አኗኗር አልገለበጡም። አሠራሩ ከከተማ ከተማ ተለያይቷል። ያልተለያየው በማዕዱ ዙሪያ ማን እንደ ጎደለ መጠየቁ ነው።

ይህን አባቶቻችንና እናቶቻችን በራሳችን አገር ኖረውታል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ሕንፃው ተወሰደ፣ መሪዎች ታሰሩ። ምእመናን ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰቡ ጀመር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው 34,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ስደትን መመኘት የለብንም፤ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። ግን አስቡት፦ በአንድ ጠባብ ክፍል ስድስት ሰው ሆኖ ለሚሰበሰብ ኅብረት አንዱ ቢቀር ያልመጣበትን ምክንያት ሳያውቁ ማደር አይቻልም። ታስሮ ይሆን? ታሞ ይሆን? ይባላል። ዛሬ በነፃነት፣ በሰፊ አዳራሽ፣ አንዲት እናት ሦስት ሳምንት ትቀራለች፤ ድምፁን በሞንታርቦ ስለሞላነው ጉድለቱ አይሰማንም።

እኛ ምን አደረግን? ከሃያ ሦስታችን ዘጠኝ ወጣን። ሁለት ቀን አረምን። የሩዝ አረም ሣሩ ከሩዙ ጋር ስለሚመሳሰል ከእኛ የከተማ ልጆቹ ሩዙንም ነቀሉት። እናታችን «በርቱ ልጆቼ፣ ሩዙን ግን ተዉልኝ» ብለው ሳቁ። በእረፍት ሰዓት ቆሎ አቀረቡልንና ጸሎቱን እዚያው ማሳው ዳር አደረግነው። ያ ተቃውሞ ያቀረበው ወንድም በሁለተኛው ቀን መጣ፤ እርሱ ገበሬ ቤት ያደገ ስለሆነ ከሁላችን በላይ ሠራ። ሞንታርቦውም በኋላ ተገዛ፤ መግዛቱ ኃጢአት ስላልሆነ።

መዝገቡ ግን ተለውጧል። ዛሬ «ቀዝቅዘዋል» የሚል ቃል አንጽፍበትም። «ማን ሄዶ አያቸው?» የሚል ዓምድ ጨምረናል። አንዳንድ ሳምንት ዓምዱ ባዶ ይሆናል፤ እፍረቱን አብረን እናየዋለን።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በሚቀጥለው ኅብረታችሁ እሳቱ እንዲወርድ ጸልዩ፤ እኛም እንጸልያለን። ከመጸለያችሁ በፊት ግን ቀና ብላችሁ ወንበሮቹን ተመልከቱ። ማን ጎድሏል? ለምንስ? ከእናንተ መካከል ነገ ጠዋት የሚሄደው ማን ነው?